የአሮጌዋ መኪና ኮርኒስ

ማክሰኞ፣ ጥር 7

አንድ የጥርስ ሐኪም አሮጌ መኪናውን ሱቃችን አመጣ። ቢጫ፣ ከእኔ በብዙ ዓመት የምትበልጥ። የውስጥ ኮርኒሷ ረግፏል፤ ጨርቁ ከላይ ተንጠልጥሎ ፊት ይነካል። ከቀለም ቀቢው ዘንድ በቀጥታ ስለመጣች የፊት መስታወቷ ወጥቶ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከኋላ ወንበር ላይ ተኝቷል። ሐኪሙ የሚሰቀል ጨርቅ አልፈልግም አለ። አንድ ወጥ፣ ደረቅ፣ በጣራዋ ቅርጽ የወጣ፣ ጨርቁ በላዩ የሚለጠፍበት ይፈልጋል።

አባዬ አርባ ዓመት የመኪና ኮርኒስ ጨርቅ ሰፍቶ ሰቀለ እንጂ እንዲህ ያለውን ሠርቶ አያውቅም። "ቀላል ነው ዶክተር" አለ። ከዚያ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። "እጇ ጥሩ ነው። ጭንቅላቷ ነው እንጂ…" ሐኪሙ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ?

ሐሙስ፣ ጥር 9

ጣራዋን ከውጭ በላስቲክ ሸፍነን፣ እንዳይጣበቅ ሰም ቀባን። ፋይበሩ በላዩ ሲደርቅ ቅርጿን ይይዛል። አባዬ ፋይበሩ የሚነከርበትን ፈሳሽ፣ ሬዚኑን፣ ከማድረቂያው ጋር በጠበጠ።

"ማድረቂያው በዛ" አልኩት።

"አንቺ ዝም ብለሽ ብሩሹን ያዢ።"

በዝቶ ነበር። ባልዲው ውስጥ ጨሰ፣ ድንጋይ ሆነ። ደፍቶ እንደገና በጠበጠ፣ እኔ ባልኩት ልክ።

ሰኞ፣ ጥር 13

ደርቆ ከጣራው ላይ አነሳነው። የትልቅ ኤሊ ጀርባ ይመስላል። ጠርዙን እኔ ቆረጥኩ። ስለካው በየትኛውም በር አይገባም፤ አይታጠፍም። መግቢያው የፊት መስታወቱ ክፍት ቦታ ብቻ ነው። ምሳ ላይ ልነግረው ስል እሱ ቀደመኝ።

"ይሄ ሥራ ሲያልቅ ሱቁን ለአጎትሽ አስረክባለሁ። አንቺ መስፋትሽን ትቀጥያለሽ።"

አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ሠርቼ… ሾርባውን እየማገ ነው የነገረኝ።

"አጎቴ እኮ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አይችልም።"

"ወንድ ነው፣ ይማራል።"

ማክሰኞ፣ ጥር 14

ዝም አይነቅዝም።

ቅዳሜ፣ ጥር 18

መስታወት ገጣሚው መጣ። የጠራው አባዬ ነው። ሥራው ጨርቅ ቢሆን ልክ ነበር፤ ጨርቅ ታጥፎ በበር ይገባል፣ መስታወቱ ቀደመ አልቀደመ ለውጥ የለውም። አርባ ዓመት እንዲያ ነው የሠራው። ኮርኒሱ ግራጫ ጨርቁን ለብሶ፣ አምሮበት፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

"ጋሼ፣ ውስጥ የቀረ ሥራ የለም አይደል?" አለ ገጣሚው። "በማጣበቂያ ነው የማስረው። ከደረቀ በኋላ በደህና አይወጣም።"

"ግጠም" አለ አባዬ።

ገጣሚው ወደ እኔ አየ። ክር እየመረጥኩ ነበር። ሁለት ጊዜ ልናገር አፌን ከፈትኩ… ምን ያስዋሸኛል? የምጽፈው ለራሴ ነው። አንድ ጊዜም አልከፈትኩም።

ማክሰኞ፣ ጥር 21

ሐኪሙ ኮርኒሱ ሲገባ ሊያይ መጣ። አባዬ በግራ በር ሞከረ። በቀኝ በር ሞከረ። አዞረው፣ አጋደመው። ጨርቁ በበሩ ብረት ተፋቀ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነበት፤ በኋላው የጎን መስኮት ሊያስገባው ሁሉ ታገለ። ላቡ በአንገቱ ወረደ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመና የፊት መስታወቱን አየ። ያን ጊዜ ገባው።

መስታወቱ ይውጣ ቢባል ይሰበራል፣ ለዚህች መኪና ደግሞ ሌላ አይገኝም። "መስታወቴን እንዳትነኩ" አለ ሐኪሙ። ኮርኒሱን ለሁለት ከመቁረጥ ሌላ መንገድ አልነበረም። መጋዙን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። መሃል ለመሃል ሲቆርጠው ነጭ ብናኝ ቅንድቡ ላይ ተከመረ። ሐኪሙ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። "ዕድሜ ነው ጋሼ። የቀረውን ልጅዎ ትጨርሰው።"

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሐሙስ፣ ጥር 23

ሁለቱን ግማሾች አስገብቼ ገጠምኩ። መጋጠሚያውን በቀጭን ቆዳ ሸፈንኩት። ሐኪሙ ከመጀመሪያውም እንዲህ የታሰበ መስሎት ወደደው። ከሄደ በኋላ አባዬ ጠራኝ።

"መስታወቱ ሲገጠም የት ነበርሽ?"

"እዚሁ።"

"አይተሻል?"

"አይቻለሁ።"

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የሱቁን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ስፌት መኪናዬ ላይ አስቀመጠ። "አጎትሽ አንቺን አይችልሽም" አለ።

ሰኞ፣ የካቲት 4

አባዬ አሁንም በየቀኑ ይመጣል። ቤት መዋል አይሆንለትም። ሁሉን ነገር ይጠይቀኛል፤ የትኛው ክር፣ የትኛው ማስቲሽ… ማንንም ጠይቆ የማያውቅ ሰው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት አሳዘነኝ። አሁን እንጃ።

ዛሬ የወንበር ልብስ ዘርግቶ፣ በጠመኔ አስምሮ፣ መቀሱን ይዞ ቆመ።

"ልቁረጠው?"

ልኬቱ ልክ ነበር። ከተቀመጥኩበት ይታየኛል።

"ቆይ" አልኩት።

ሻዬን ጠጣሁ። ጉልበቱን እንደሚያመው አውቃለሁ። ወንበር አጠገቡ አለ፣ ግን እኔ ካላልኩት አይቀመጥም። ሌላ ሻይ ቀዳሁ።