የሴቶቹ ማለዳ

ይድረስ ለምትናፍቂኝ ልጄ፤ እንደምን ከርመሻል? እኔና ታናሽ እህትሽ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ካንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም።

ልጄ፣ በጸሎቴ እንኳ አፍሬ ስዘለው የኖርኩትን ጥፋት ልንገርሽ። ማዘጋጃ ቤቱ፣ ሐይቁ ላይ ነፋስ ሳይነሳ ያለው ማለዳ የሴት ቀዛፊዎች ይሁን ብሎ ደንብ አወጣ፤ ጀልባና የመንሳፈፊያ ሰደርያም ገዛላቸው። የጀልባ ቤቱ ጥበቃ እኔ ነኝና ቁልፉ በእኔ እጅ ነው። "ዝጎ እምቢ አለኝ" እያልኩ ሳረፍድ ነፋሱ ይነሳል፣ አሠልጣኟም ልምምዱን ትሰርዛለች። የከተማውን ደንብ በአንድ ጓጉንቸር ሻርኩት።

እህትሽ ከቀዛፊዎቹ አንዷ ናት። ክንዷ ጠንክሯል፤ ሳቋ የእናትሽ ነው። እናትሽን ውሃው ከወሰዳት ወዲህ እኔ ከዳር አልፌ እንደማላውቅ ታውቂያለሽ።

ሰሞኑን አሠልጣኟ፣ "አባባ፣ ካልቀዘፍን ጀልባውን ለወንዶቹ ሊሰጡብን ነው" አለችኝ።

እህትሽ ቀበል አድርጋ፣ "ቁልፉ እኮ ማታ ደህና ነው፤ የሚያመው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው" ብላ ሳቀች። ማወቋ ገባኝ። አለመቆጣቷ ነው የከበደኝ።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ ጸሎቴን አድርሼ በሩን ከፈትኩ። የእህትሽን ሰደርያ ማሰሪያ ራሴ አጠበቅኩላት።

"አባዬ፣ መተንፈሻ ተውልኝ እንጂ" አለች።

አላላላሁላትም።

ይህን የምጽፍልሽ የጀልባ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ነው፤ ገና አልተመለሱም። ነፋስ የለም፣ ውሃው ጸጥ ብሏል። ጤናውን ይስጥሽ ልጄ፤ በጸሎትሽ አስቢን። ጀልባዋን ወደ ውሃው የገፋኋት በገዛ እጄ ነው።

አባትሽ