አንድ ቃል፣ ከዚያ ሌላው

ለራቅኸኝ ልጄ፦ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ከወገቤ በቀር ደህና ነን፤ ጣሪያውም ተጠግኗል።

በስተርጅና ፊደል የቆጠርኩ ነኝና፣ በስልክ ስትጽፍልኝ አንድ ቃል ልከህ፣ «አነበብኩ» እስክልህ ጠብቀህ ነበር ሌላውን የምትልከው። ትናንት የመጣልኝ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ተቆራርጦ ባንዴ የተዘረገፈ ነው።

እህትህ፣ «‹ደህና ነኝ፣ አትደውሉ› ነው የሚለው። እማዬ ደግሞ! የዘንድሮ ሰው እንዲህ ነው የሚጽፈው» ብላ ሳቀችብኝ። ለሷ ምን አለባት! እናቱ ምን ማንበብ እንደምትችል ልጄ ይጠፋዋል? እኔስ ስልክህን ሌላ ሰው የያዘው መሰለኝ። ብደውልም የሚያነሳ የለም።

ይህን በወረቀት የጻፍኩት በገዛ እጅህ እንድትቀበለው ነው። እንደ ድሮው አንድ ቃል ብቻ ላክልኝ። «አነበብኩ» ብዬ ሌላውን እጠብቃለሁ።

ጤናህን አብዝቶ ይስጥልኝ።
እናትህ