በእህቴ አፍ የወጣ ስም

ሰኞ፣ ጥር 25 ቀን 2007

አፌን ምን ነካው። ቅዳሜ ከቤተክርስቲያናችን አዳራሽ ስለጠፋው የመዝሙር ኪቦርድ ከመዘምራን ጋር ስናወራ "እህቴ ታውቃለች" አልኩ። ምህረት ያን ቀን አዳራሹ በር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ልምምድ ሲኖር ሁሌም እዚያ ናት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ ያያት ሐኪም "ኦቲዝም ነው" ካለን ቆየ። እኔ ግን ለሰው "ታማ ነው" እያልኩ ነው የኖርኩት።

በዲሽ የማየው የፖሊስ ተከታታይ ፊልም ላይ እንደሷ ኦቲዝም ያለበት፣ የሰው ዓይን ቀጥ ብሎ የማያይ መርማሪ አለ። ክፍሉን አንዴ ቃኘት ካደረገ ገዳዩን ይናገራል። እሱን ካየሁ ወዲህ በእህቴ መኩራት ጀምሬያለሁ። "ኦቲዝም ያለባቸው ያዩትን አይረሱም" አልኳቸው። በአድናቆት አዩኝ። ደስ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 26

ምህረትን አዳራሹ መሀል አስቀመጥናት። ዘጠኝ ሰው ከበባት። ጆሮዋን ይዛ መወዛወዝ ጀመረች። ያኔ ማቆም ነበረብኝ። የመዘምራኑ መሪ ዳንኤል "ማን ወሰደው? ጥበቃው ኦቦ ገመቹ?" አላት።

"ኦቦ ገመቹ" አለች። ደግሞ ጠየቃት። "ኦቦ ገመቹ።"

የመጨረሻውን ቃል እንደምትደግም አውቃለሁ። "ሻይ ወይስ ወተት?" ስትባል ወተት ትላለች፤ "ወተት ወይስ ሻይ?" ሲሏት ሻይ። አውቃለሁ። ሁሉም "ጉድ ነው" ሲሉ ዝም አልኩ።

ረቡዕ

የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ኦቦ ገመቹን ከሥራ አገዷቸው። ጎረቤት እያየ ቤታቸውን ፈተሹ።

ምህረት ከትናንት ጀምሮ አልበላችም። እጇን ነክሳ አቁስላዋለች። ገላዋን ሳጥባት መርማሪው ትዝ አለኝ። እሱን የሚያጥበው የለም፣ ጥፍሩን የሚቆርጥለት የለም። ሲሳሳትም አይቼው አላውቅም።

ለዳንኤል እውነቱን ልነግረው ደወልኩ። ሲያነሳ ስለ ልምምድ ሰዓት ጠየቅሁት።

ሐሙስ

ኪቦርዱ ተገኘ። ከቤተክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አንዱ አቶ ታደሰ በደሳ ከተማ ላለ ሠርግ አውሰውት ኖሯል። ዛሬ በሚኒባስ ይዘውት መጡ። "የነገርኳችሁ መስሎኝ" አሉ።

ዳንኤል "ለካ እህትሽም ትዋሻለች" አለኝ።

ይኼኔ አላስቻለኝም። "እሷ አልዋሸችም። አንተ ያልካትን ነው የደገመችልህ። እኔ ይህን እያወቅሁ ዝም አልኩ" አልኩት፣ ሁሉም እየሰሙ።

ቅዳሜ፣ ጥር 30

ኦቦ ገመቹ ቤት ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ትናንት ይቅርታ ጠይቀዋቸው ወደ ሥራ እንዲመለሱ ነግረዋቸዋል። ሚስታቸው በር ከፍተውልኝ ወደ ጓዳ ገቡ፤ አልወጡም።

ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ፊልሙንም ጭምር። አቀርቅረው ሰሙኝ። መጀመሪያ የጠየቁኝ "ምህረት በላች?" ብለው ነው። ዛሬ ጠዋት ትንሽ ገንፎ መብላቷን ነገርኳቸው።

"እሷን አልተቀየምኳትም" አሉ።

ሌላ ጊዜ "ኢንተላ ኮ" ይሉኝ ነበር፣ በኦሮምኛ ልጄ ሲሉ። ዛሬ በስሜ ጠሩኝ። "ሳራ፣ አንቺ ግን ጊዜ ስጪኝ።"

ምን ያህል እንደሆነ አልጠየቅሁም።