ስለ ልብስ ሰፊዋ እናታችን ሞትና ሳይመረቅ አይነካም ስለተባለው መሣሪያ

የገበያው ልብስ ሰፊዎች ማኅበር ምክትል ሰብሳቢ የነበሩትና ሁላችንም «ቀጥ በይ» እያልን የምንጠራቸው እናታችን፣ በማኅጸን ጫፍ ካንሰር ሲሠቃዩ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ልጃቸውና ታናሽ እህታቸው አጠገባቸው እንዳሉ በመኖሪያ ቤታቸው ዐርፈዋል። ማኅበራችን በእጅጉ አዝኗል። ተቆጥቷልም። በእንዲህ ያለ መግለጫ ላይ ቁጣ አይጻፍም የሚሉን አሉ። የሞቱበትን ምክንያት ትተን ደግነታቸውን ብቻ ብናወራ ግን ለገደላቸው ቸልተኝነት ሽፋን መስፋት ይሆንብናል።

ባለቤታቸውን ገና በወጣትነታቸው በሞት ተነጥቀው አንዲት ልጃቸውን በስፌት መኪናቸው አሳድገዋል። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ልክ ሲወስዱ ሙሽራም ትሁን የሹም ሚስት «ቀጥ በይ» ሳይሉ ሜትራቸውን ስለማይዘረጉ ነው። የተጣመመ ስፌትም የተጣመመ ንግግርም አይወዱም ነበር።

ከስድስት ዓመት በፊት የሰፈራችን ጤና ጣቢያ የማኅጸን ጫፍ ምርመራ ሲጀምር ሴቶች ዝር አላሉም። ማኅጸን ያወጣሉ ተብሎ ተወርቶ ነበር፤ ባሌ ቢሰማስ ያለችም ብዙ ናት። እሳቸው ቀድመው ሄዱ። ተመልሰው ስፌት መኪናቸው ላይ ተቀምጠው ያዩትን አንድ በአንድ ነገሩን፦ አዋላጇ ኮምጣጤ የሚሸት ፈሳሽ በጥጥ ነክታ ቀባቻቸው፣ በመብራት አየች፣ በቃ። «ለቀሚስ ልክ ከመስጠት አይበልጥም» አሉን። ከዚያ በኋላ ተራ እየያዝን ሄድን።

የምርመራው ክፍል መስኮት ወደ ገበያው መንገድ ስለሚያሳይ ወፍራም መጋረጃ ሰፉለት። ሴቶች ሳይራቆቱ እንዲመረመሩም ከጎኑ የሚከፈት ሽርጥ ለክፍሉ አዘጋጁ። ዛሬም ሌሎች ጤና ጣቢያዎች ያንኑ ሽርጥ ያሰፉናል።

ይሁንና በመጀመሪያው ቀን ምርመራ አዋላጇ በእሳቸው ላይ ነጭ ምልክት አይታ ነበር። ካንሰር እንዳልሆነ፣ ከተተወ ግን ሊሆን እንደሚችል፣ ቦታውን በብርድ በሚያቃጥል መሣሪያ በደቂቃዎች ውስጥ ማከም እንደሚቻል አስረዳቻቸው። መሣሪያው ጥቂት ቆይቶ መጣ። አዋላጇም ሠልጥናበታለች። ነገር ግን ካርቶኑ ሳይከፈት የጤና ጣቢያው ኃላፊ ቢሮ ጥግ ተቀመጠ፤ የአበባ ማሰሮም ተደረገበት። የሚመርቁት እንግዶች ይጠበቁ ነበር።

እናታችን ኃላፊው ቢሮ ገብተው ጠየቁ። የተባባሉትን አብረዋቸው የገቡት የማኅበራችን ሰብሳቢ ሰምተዋል።

«እናቴ፣ እንግዶቹ ሳይመርቁት ከተነካ ተጠያቂው እኔ ነኝ» አላቸው።

«ሳይነካ እኔ ብሞትስ ተጠያቂው ማነው?» አሉት።

ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አልተሰጠም። ወደ ሩቁ ሆስፒታል ሪፈር እንዲጻፍላቸው ሲለምኑም ለዚህች ትንሽ ነገር ሪፈር አይጻፍም ተባሉ፤ ሆስፒታሉ ደግሞ ከድንገተኛ ሕመምተኛ በቀር ያለ ሪፈር አይቀበልም። ትንሿን ነገር ማከም ተከልክሎ፣ ትንሽ ስለሆነች ደግሞ ወደ ሌላ መላክ ተከለከለ።

አዋላጇ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ተነሥታ ካርቶኑን ከፍቼ ሥራ ልጀምር አለች። በወሩ «ለሥራ ቅልጥፍና» በሚል ወደ ገጠር ተዛወረች። ምትክ አልመጣም። ክፍሉ ተቆልፎ ለምረቃው የተገዙት ወንበሮች ተደረደሩበት። እንግዶቹ አንዴ አልተመቻቸውም፣ አንዴ ግድግዳው ቀለም አልተቀባም፤ ዓመት ዓመትን እየተካ ሄደ።

አምና ስፌት ላይ እንዳሉ ደም ፈሰሳቸው። እህታቸው ሪፈር ሳይጠብቁ ደግፈው ሆስፒታል አደረሷቸው። ሐኪሙ መርምሮ ሲጨርስ ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ ቀላል እንደነበር ነገራቸው። እናታችን ልብሳቸውን እያስተካከሉ፦

«እኔማ ቀድሜ ነበር የመጣሁት» አሉ።

ዘንድሮ እሳቸው አልጋ ላይ እያሉ ምረቃው ሆነ። ጤና ጣቢያው የሚቆረጠውን ሪባንና የመሣሪያውን ልብስ እንድንሰፋ ጠየቀን። አልሰፋንም። ከሌላ አሰፍተው ቆረጡ፣ አጨበጨቡ፣ ወንበሮቹን መለሱ። በመሣሪያው የሚሠራ ባለሙያ ስለሌለ አሁንም ልብሱን ለብሶ ቆሟል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በቀብሩ ዕለት ከጤና ጣቢያው የአበባ ጉንጉን መጣ። ኃላፊው «የጤና ጀግና» ስለነበሩት እናት ጥቂት ቃል መናገር እንደሚፈልግም ተነገረን። ልጃቸውን ጠየቅናት።

«እናቴ ስትጠይቀው አልመለሰላትም። አሁንም ዝም ይበል» አለች።

አልተናገረም። አበባውም ባመጣው ሰው እጅ ተመልሷል።

ማኅበራችን ለልጃቸው፣ ዓመት ሙሉ ላስታመሟቸው እህታቸው፣ አብረዋቸው መርፌ ለያዙ ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ከተዛወረችበት ገጠር ድረስ መጥታ ከቀብረተኛው ኋላ ቆማ ላለቀሰችው አዋላጅም እንዲሁ፤ ልጃችን፣ አንቺ ጥፋት የለብሽም። ለጤና ጣቢያው አስተዳደር ግን የምናካፍለው ሀዘን የለንም።

ነጭ ምልክት ተገኝቶባችሁ ጠብቁ የተባላችሁ ሌሎች ሴቶች በመካከላችን አላችሁ። እናውቃችኋለን፤ ስማችሁን አንጠራም። ሰኞ ጠዋት ሱቆቻችንን ዘግተን ከእናንተ ጋር ጤና ጣቢያው እንሄዳለን። አዋላጇ እስክትመለስና ክፍሉ እስኪከፈት ከበሩ አንነሣም። ማየት የሚፈልግ ሁሉ ይምጣ።

ከፊት የምትቆመው የሟች ልጅ ናት። እስካሁን አልተመረመረችም።

የገበያው ልብስ ሰፊዎች ማኅበር