ተቃውሞን በኦም የለኩት አቶ ኢተፋ ዋቅቶላ

ከዚህ በታች የሚነበበው ሁሉ፣ ለማመን የሚያስቸግረው ቦታ ጭምር፣ አንድም ሳይቀር እውነት ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጃችንን ጭነን ልንምል ነበር፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች «እዚህ መሐላ የለም፣ አዎ ካላችሁ አዎ ይሁን» ስላሉን አዎ ብለናል። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ጸሐፊው የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም መክብብ በላይ ነው፤ ትምህርቱ ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ለፊደል ግድፈት ይቅርታ ይጠይቃል።

አቶ ኢተፋ ከአባታቸው ከአቶ ዋቅቶላ ጉርሜሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዲንቄ በ1940 በወለጋ፣ ነጆ አጠገብ ተወለዱ። እዚያው በሚስዮን ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረው፣ አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ሙያ አጥንተው በ1962 መብራት ኃይል ተቀጠሩ። ሃያ ሰባት ዓመት ያገለገሉት በልኬት ሥራ ነው። ቮልቱንና አምፔሩን ከነገሯቸው ሬዚስታንሱንና ዋቱን ወረቀት ሳይነኩ ይናገሩ ነበር። በ1971 ወይዘሮ እልፍነሽ በላይን አገቡ፤ በሠርጉ ዕለት ሚዜዎቹ ሙሽራውን ፈልገው ፈልገው ያገኟቸው የድንኳኑ ሶኬት ሥር ተንበርክከው ነው። አይዳንና ኤልያብን ወለዱ።

በ1990 ብቻቸውን ኦስሎ ገቡ። የመኖሪያ ፈቃድ ካላገኙ ወይዘሮ እልፍነሽና ልጆቹ ሊመጡ አይችሉም። የጥገኝነት ቃለ መጠይቁ ዕለት የተመደበው አስተርጓሚ ታሞ ቀረ። ቀድሞ መጥቶ እዚያው ኦስሎ ሁለት ዓመት ሳህን አጥቦ «ኖርዌጅኛ ጠጥቼዋለሁ» የሚለው መክብብ «እኔ አለሁ!» አለ። መርማሪው ሥራቸውን ጠየቋቸው።

«ሬዚስታንስ መለካት» አሉ አቶ ኢተፋ።

መክብብ መለካቱን የሚልበት ቃል ስላጣ «ሙትስታንድ» ብሎ ብቻ ተረጎመ። ችግሩ ኖርዌጅኛ ለሽቦው ሬዚስታንስም ለአርበኛው ተቃውሞም ያለው ቃል ይኸው አንዱ መሆኑ ነው። መርማሪው ብዕራቸውን አስቀመጡ። የእሳቸውም አባት በጀርመን ወረራ ጊዜ ሙትስታንድ ውስጥ ነበሩና።

«ስንት ዓመት?»

«ሃያ ሰባት።»

«ትልቁ የገጠማቸውስ ምን ያህል ነበር?»

አቶ ኢተፋ አሰብ አድርገው «መቶ ሺህ ኦም» አሉ። መክብብ ኦም ምን እንደሆነ ስላላወቀ «መቶ ሺህ» ብቻ አለ። መርማሪው ከመቀመጫቸው ተነሥተው ቆመው እጃቸውን ጨበጡ።

መክብብ ደረጃው ላይ «ጋሼ፣ አለቀ! እልፌ መጣች በሉ!» እያለ ዘለለ። ጋሼ ግን ሰውየው ለምን እንደቆሙ አልገባቸውም። ሳምንቱን ሙሉ መዝገበ ቃላት አገላብጠው ደረሱበት።

«ሂድና ቀጠሮ አስይዝልኝ። ይታረማል።»

«ጋሼ፣ በሞቴ! ፈቃዱ እኮ ይቀራል! እልፌስ?»

«እልፍነሽ ያገባችው እኔን ነው፣ የጦር አዝማች አይደለም። ባልሠራሁት አላስመጣትም።»

ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ እውነተኛ አስተርጓሚ ነበረች፤ መክብብ ጥግ ላይ እንዲቀመጥና አፉን እንዲዘጋ ተነገረው። ጋሼ ከአዲስ አበባ ያመጡትን መለኪያ በፌስታል ይዘው ገቡ። ክፍሉ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጽሑፉ ተፍቆ 230 ቮልትና 5 አምፔር የሚለው ብቻ ቀርቶበታል።

«ሲካፈል አርባ ስድስት ኦም፣ ይኼ ሬዚስታንሱ ነው። ሲባዛ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ ዋት፣ ይኼ ኃይሉ ነው» አሉ። ማሞቂያውን ነቅለው የመለኪያውን ጫፎች በገመዱ መሰኪያ ሁለት እግሮች ላይ አስነኩ። መርፌዋ አርባ ስድስት ላይ ቀጥ። «የኔ ሙትስታንድ ይኼ ነው። ከመቶ ሺህ ሰው ጋር አልተዋጋሁም።»

መርማሪው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ዓይናቸውን ጠርገውም «ታዲያ ከአገርዎ ምን አስወጣዎት?» አሉ።

ጋሼ አቀረቀሩ። ጉራ እንዳይመስልባቸው በመጀመሪያው ቀን ያልተናገሩት ያን ጊዜ ወጣ። በ1984 መንግሥት ጸሎት ቤታቸውን ሲዘጋ፣ ምእመናኑ ተደብቀው ለሚሰበሰቡበት ጓሮ መብራት የዘረጉት እሳቸው ነበሩ። አሥራ አራት ወር ታሰሩ። ማን እንዳዘዛቸው ተገርፈውም አልተናገሩም። እንደገና ሊይዟቸው ሲመጡ አገር ለቀው ወጡ። አስተርጓሚዋ ስትጨርስ መርማሪው መዝገቡን ከፈቱ፤ መቶ ሺህ የሚለውን ሰረዙ፤ ሙትስታንድ የሚለውን ሳይሰርዙ ተዉት።

ፈቃዱ በአራት ወር ደረሰ። ነሐሴ 1992 ወይዘሮ እልፍነሽ ልጆቹን ይዘው ገቡ። አቶ ኢተፋ ኦስሎ፣ ስቶቭነር ሰፈር የፎቆቹ ቫክትሜስተር፣ ማለትም የሕንፃ ተንከባካቢ ሆነው አምፖል ሲቀይሩ፣ ቆጣሪ ሲያዩ፣ ጎረቤት ሲያስታርቁ ኖሩ። ለቤተ ክርስቲያናችን ኦከርን ሰፈር በተከራየነው አዳራሽ በዓል ሲደርስ የቡና ማፍያዎቹን ዋት ከነኪቦርዱ ደምረው «ፊውዙ አሥራ ስድስት አምፔር ነው፤ ከሦስት ሺህ ስድስት መቶ ሰማንያ ዋት በላይ አይሸከምም። ኃይል ይውረድ ብላችሁ ስትጸልዩ ስለ ፊውዙ አይደለም!» እያሉ ያስቁን ነበር።

በ1998 መጸው የልብ ሕመም ያዛቸው። ሆስፒታል ተኝተውም የልብ መከታተያው ስንት ዋት እንደሚበላ ነርሷን ይጠይቁ ነበር። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1999፣ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ አረፉ። ወይዘሮ እልፍነሽን፣ አይዳን፣ ኤልያብን፣ እንዲሁም ያስቸገራቸውን መክብብን ትተው ሄደዋል። ጌታ ነፍሳቸውን ቆጣሪ በሌለበት ብርሃን ያሳርፍ፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ይስጥ።

ጸሐፊው ግን አንድ ነገር ፈጥሯል። መርፌዋ የቆመችው አርባ ሰባት ላይ ነው፤ አርባ ስድስት ያደረጋት ታሪኩ እንዲያምር ብሎ ነው። ጋሼ ያኔ ራሳቸው «ትርፏ አንዷ ኦም የመለኪያዬ ሽቦ ናት» ብለው ለመርማሪው ተናግረዋል። ዛሬ ቢሰሙን «ይታረም» ማለታቸው አይቀርም።

ታርሟል፣ ጋሼ።