ግድግዳዬን ያስፈረሱት «እሳቸው»

ለክቡር የፍትሐ ብሔር ችሎት ዳኛ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ክሴን ከምሳ ሰዓት በፊት ስለዘጉልኝ ድካሙ እንዳልበረታብዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጨርቆቼ ግን መጋዘናቸው የጎረቤት ኩሽና ሊሆን ስለሆነ ሱቁ ውስጥ እስከ ጣሪያ ተቆልለዋል፤ ደንበኛም ደጅ ቆሞ ነው የሚመርጠው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ደብዳቤዬ ግልጽ ነውና ለሌላው አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ባለሆቴሉ ጎረቤቴ (ኋላ እንዳያምታታ አንቱ አልለውም) ዕቃ ላመጣ በሄድኩበት የመጋዘኔን ግድግዳ አስፈርሶ ከኩሽናው ጋር ቀላቀለው። ከሰስኩት። ድርጊቱን ያዩት ደጃፌ ላይ የሚሠሩት ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ብቻ ናቸው። እኚህ ሰው ድመት እንኳ ሲያባርሩ «ይሂዱ» ነው የሚሉት፤ ችሎት ፊትም «እሳቸው ቆመው አስፈረሱት» ብለው መሰከሩ። እርስዎም «እሳቸው» የተባሉት ከሳሿም ተከሳሹም ሊሆኑ ስለሚችሉ ማስረጃው አይበቃም፣ ተከሳሹም መከላከያ ማቅረብ አያስፈልገውም ብለው መዝገቡን ዘጉ።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤

1. የገዛ ግድግዳዬን አስፈርሼ ጎረቤቴን የከሰስኩ ሴት ልሆን እንደምችል ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ። በንግድ ብዙ ዓይነት ኪሳራ አይቻለሁ፤ ይህኛው አልታየኝም ነበር።

2. ምስክሩን «እሳቸው ማናቸው?» ብለው ባለመጠየቅዎ ሽማግሌውን ከድካም አድነዋል። እኔ ልጠይቅ ብነሳ «ተቀመጪ» አሉኝ። እኔን ከተከሳሹ መለየት ያን ጊዜ አላስቸገረዎትም።

3. ተከሳሹ አንድም ምስክር ይዞ አልመጣም፤ ጠበቃውም እርስዎ ማንበብ ሳይጀምሩ ቦርሳውን ዘግቶ ነበር። በራስ መተማመን ይሆናል። ነጋዴ ነኝና፣ ዋጋ ሳይጠይቅ ዕቃ የሚያሸክም ገዢ ሳይ ግን ቀድሞ የተነጋገረ ይመስለኛል።

4. በዚያው ጠዋት፣ እኛ ገና ችሎት ደጅ ተራ ስንጠብቅ፣ አንድ ግንበኛ መጋዘኔ ገብቶ የምድጃ ቦታ ሲለካ እህቴ አገኘችው። «ነገሩ ሳያልቅ ማን ላከህ?» ብትለው «አልቋል ብለው እሳቸው ናቸው የላኩኝ» አላት። በችሎትዎ አካሄድ እኚህ «እሳቸው» ማን እንደሆኑ ማወቅ አይቻልም። ባለሆቴሉ ሊሆኑ ይችላሉ። እኔም ልሆን እችላለሁ። ሌላም ሰው አለ፤ ስሙን አልጠራም።

ይግባኝ ማለቴን በታላቅ ትሕትና አሳውቃለሁ። እስከዚያው ወንበርዎ ይርጋልዎ፤ የተቀመጡበትን ክፍል ግድግዳም ማንም አይንካብዎ።

አንቱታዎን ሳላጓድል የምሰናበትዎ፣
መጋዘን አልባዋ የጨርቅ ነጋዴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልብስ ሰፊው ጋሼ ለይግባኙ «እሱ ነው» ማለትን እየተለማመዱ ነው። በስተርጅና የጀመሩት ስለሆነ በጣም ጥሟቸዋል፤ ከባለሆቴሉ ቀጥሎ ማንን አንተ እንደሚሉ ግን ዋስ አልሆንም።