ናሙናውን አልቀየርከውም

ውድ ጓንቴ፣

ይህን ስም ያወጣሁልህ እኔ ነኝ። ወንበር ስትስብ እንኳ ጓንትህን ስለማታወልቅ ቤተ ሙከራው ሁሉ ይስቅብህ ነበር። እኔ ግን አብሬ እየሳቅኩ፣ በሆዴ "ይሄ ሰው አሻራውን የሚደብቀው ምን ሊያደርግ ነው?" እል ነበር። ከመጀመሪያውም አላመንኩህም።

ያቺን አዝራር የምታህል፣ የመዳብና ፓላዲየም የሚባለው ውድ ብረት ቅይጥ አትረሳትም። ጋዝ ሳይነካት በፊት ገጿን ስለካው በአብዛኛው መዳብ ነበር። አንተ ካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ውስጥ አሙቀህ፣ አቀዝቅዘህ ስታመጣልኝ ግን ገጿ ፓላዲየም ሆኖ ተገኘ። የምትቀመጥበት መሳቢያ ቁልፍ ያለው እኔና አንተ ጋ ብቻ ነው። እኔ አልቀየርኳትም። ታዲያ ማን ቀየራት?

"እታለም፣ እኔን ከምትጠይቂኝ ብረቱን ጠይቂው" አልከኝ። እንዲያ ረጋ ብለህ መመለስህ ጭራሽ አቃጠለኝ።

የማታውቀውን ልንገርህ። ላጠምድህ ብዬ፣ ሳልሰጥህ በፊት ቁራጯን ከጀርባዋ በመርፌ ጭሬያት ነበር። ስትመልሳት ጭረቷ በቦታዋ አለች። እዚያው ላይ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ጭረቷን አይተህ ሌላ ቁራጭ ላይ አስመስለህ የጫርክ መሰለኝ። ለኃላፊያችን "ናሙና ቀይሯል" ብዬ ስጽፍም ስለ ጭረቷ ትንፍሽ አላልኩም። አንተም ከሥራ ተባረርክ።

ባለፈው ሳምንት፣ ጋዙ እየፈሰሰ የብረት ገጽ የሚለካ መሣሪያ ገባልን። ያቺኑ ቁራጭ ገጿን ፍቄ አጽድቼ ከተትኳት። እያሞቅኳት ጋዙን ስለቅባት ፓላዲየሙ ዓይኔ እያየ ከውስጥ ወደ ላይ ይወጣ ጀመር፤ ጋዙን አጥብቆ ስለሚይዝ ነው። ጋዙን አስወጥቼ ሳሞቃት መዳቡ ተመለሰ። አላመንኩም። ገመዱን ፈተሽኩ፣ መሣሪያውን የተከለውን ቴክኒሻን ሳይቀር "ማነው የላከህ?" ብዬ አፋጠጥኩት። አራቴ ደገምኩት፤ አራቴም ያው ነው። እኛ የምናያት በፊትና በኋላ ብቻ ነበር። በመሀል ምን እንደምትሆን አይተን አናውቅም።

አሁን ቀለም ፋብሪካ ውስጥ ጣሳ ላይ ወረቀት ትለጥፋለህ አሉ። በጣም አፍሬያለሁ፤ በደልኩህ።

ሁሉንም ሳልደብቅ ጽፌ፣ ስምህ እንዲነጻና ወደ ሥራህ እንድትመለስ ጠይቄ፣ ዛሬ ጠዋት ለኃላፊያችን አስገብቻለሁ። ላንተ መጻፉን ወደ ኋላ ያደረግኩት አውቄ ነው። አስቀድሜ ላንተ ብጽፍ ኖሮ "ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ ይበቃል" ብዬ ለኃላፊው የጻፍኩትን እቀደው ነበር። ራሴን አውቃታለሁ። አላምናትም።

የቀድሞ ባልደረባህ